ሲኒየር ፕሮጀክታችንን ዲፌንድ አደረግን፦ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣዱ

ጂሲ ሜካኒካል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምና በዚሁ ሰሞን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ምን ርዕስ ብንይዝ እንደሚሻል ጠይቄ ብዙዎቻችሁ መክራችሁኝ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዲፌንስ አቀረብን። አለቀ። አራት ነን፤ እኔና አንድ ልጅ ከሜካኒካል፣ ሁለቱ ከኤሌክትሪካል። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሳልረሳው ልጻፈው አልኩ።

የሠራነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የሸክላ ምጣድ ገዝተን የሚፈጀውን ኃይል ለመቀነስ ሞከርን። ርዕሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ ቤት የቆጣሪውን ካርድ የሚጨርሰው ምጣዱ ስለሆነ። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፤ የቤቱ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ተደምረው አይደርሱበትም። አሠራሩን የምታውቁት ነው፦ ሸክላው ከሥሩ ቦይ ይወጣለታል፣ ሬዚስታንሱ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ ከዚያ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ሙቀቱ ግን ወደ ሊጡ ብቻ ሂድ ቢሉት አይሰማም፤ ወደ ታችም ይወርዳል። ሲጋገር ከሥር ያለውን ላሜራ በእጁ የነካ ሰው ያውቀዋል።

ፕሮፖዛላችን ሁለት ነገር ነበረው፤ ከሥር ኢንሱሌሽን (ሙቀት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግድ) ማስገባት፣ የገጹን ሙቀት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ መሥራት። በወረቀት ላይ የሦስት ወር ሥራ ነበር። ሰባት ወር ፈጀ።

ጥር ላይ የለካነው ቁጥር ሁሉ አልገጥም አለ። ያው ምጣድ ጠዋት በ12 ደቂቃ ይሞቃል፣ ማታ 19 ደቂቃ ይፈጃል። ጥፋቱ የኢንሱሌሽኑ መስሎን ሁለት ጊዜ አፍርሰን መለስነው። በሦስተኛው ሊፈርስ ሲል ከኤሌክትሪካል የሆነው ጓደኛችን መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ሰካ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 185 ቮልት። ኃይል የሚወርደው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው፤ 185ን ለ220 አካፍሉና በራሱ አባዙት፣ 0.71 ይመጣል። ማታ ማታ እየሞከርን የነበረው 3.5 ኪሎዋት ሳይሆን 2.5 ኪሎዋት ምጣድ ነበር። ሁላችንም አንደኛ ዓመት ላይ የተፈተንበት ቀመር ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁልጊዜ 220 ነው ብለን አምነን ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። ከዚያ ወዲህ ደቂቃ መቁጠር ትተን ኪሎዋት ሰዓት በቆጣሪ መለካት ጀመርን።

የካቲትን ሙሉ የበላን ግን ሌላ ነው። እንጀራው ከምጣዱ አልላቀቅ አለ። ሙቀቱን 190 አደረግን፣ 200፣ 210፣ 220። የፒአይዲውን (ሙቀቱን የሚያስተካክለውን የመቆጣጠሪያ ስሌት) ቁጥሮች ቀያየርን። ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያውን ሽቦ) መሀሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አዛወርን። በየሙከራው ሊጥ እየተቃጠለ ይፋቃል። አንድ ቅዳሜ የአንዷ ጓደኛችን እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ወርክሾፑ ገቡ። ምጣዱን በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ይሄ መች ተሟሸና ነው?» አሉ።

አላሟሸነውም ነበር። አራት የምህንድስና ተማሪዎች፣ ሁላችንም እንጀራ በልተን ያደግን፣ አዲስ ምጣድ መሟሸት እንዳለበት አንዳችንም ፕሮጀክቱ ውስጥ አላስገባነውም። እሳቸው ጎመን ዘር አስመጥተው፣ የተወቀጠውን በትነው፣ በጨርቅ እያሹ፣ እያጨሱ፣ እንደገና እያሹ ግማሽ ቀን ሠሩበት። አመሻሽ ላይ እንጀራው በሰፌዱ ላይ ተንሸራቶ መጣ። ሸክላ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ ሊጡ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። የጎመን ዘሩ ዘይት በእሳት ጠንክሮ ያንን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ገጹንም ያለሰልሳል። ኋላ ስናስበው ማቴሪያልስ ኮርስ ላይ የተማርነው ነው። ስሙን ግን «ማሟሸት» ብሎ ያስተማረን አልነበረም።

በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ደህና እንጀራ ገልብጠው አዩና «ዳሩ ዓይን የለውም፣ ምጣዳችሁ ዳሩ ቀዝቃዛ ነው» አሉን። በቴርሞካፕል ለካነው። መሀሉ 207 ዲግሪ፣ ዳሩ 176። ሴንሰራችን እስከዚያ ቀን የሚያየው መሀሉን ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ምጣድ ስናሠራ ወደ ውጭ ያሉትን ቦዮች አቀራርበን የዳሩን ሙቀት ከፍ አደረግነው፤ ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ወረደ።

ውጤቱን ለሚፈልግ፦ 30 እንጀራ፣ ያው ሊጥ፣ ያው ጋጋሪ፣ ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ ያልተነካው ምጣድ በአማካይ 5.9 ኪሎዋት ሰዓት፣ የእኛ 4.6። 22 በመቶ ቅናሽ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ 35 ብለን ጽፈን ነበር። ዝቅ ማለቱን ሳንደብቅ አቀረብን፤ ፈታኞቹም በዚያ አልቀጡንም።

ደስ ብሎኛል፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ሪፖርታችን 94 ገጽ ነው። የጓደኛችን እናት ያሉት በምስጋናው ገጽ ላይ አንድ መስመር ውስጥ ነው፤ ሥራው ውስጥ ግን ሁለት ምዕራፍ ያህሉ የእሳቸው ነው። ኅዳር ላይ ፕሮፖዛል ስንጽፍ ጠርተናቸው ቢሆን ኖሮ ጥርና የካቲት ይተርፉን ነበር፣ ምናልባት 35ቱም ይደረስ ነበር። መምህር ጠየቅን፣ ጆርናል አነበብን፣ ሲሙሌሽን ሠራን። ሥራው የዕለት ሥራዋ የሆነችውን ሴት ግን አልጠየቅንም።

ምጣዱ አሁን የላብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የእናንተስ ፕሮጀክት የት ደረሰ? ያለፋችሁበት ሰዎች ብትነግሩኝ።

---

ትራንስፎርመር 14

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። የቮልቴጁን ነገር በማግኘታችሁ ልባችሁ ይሙላ፤ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት የቆዩ ሰዎች ሲስቱት አይቻለሁ። ኃይል የለም ተብሎ የሚወቀሰው ሁልጊዜ ግድቡ ነው። ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ነገር ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር አነስተኛ ከሆነና መስመሩ ከረዘመ በእራት ሰዓት ቮልቴጁ መውረዱ አይቀርም። ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት 16 አምፔር ሲጠይቅ የሚሆነው ይኸው ነው።

ጥያቄ አለኝ። ማብሪያ ማጥፊያው በምንድን ነው? ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ከሆነ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ኃይል እያሳለፈ ነው የሚቀረው። ማለትም መቆጣጠሪያችሁ «አጥፋ» ቢልም ምጣዱ መንደዱን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ላሜራው ኧርዝ ተደርጓል (ከመሬት ጋር በሽቦ ተያይዟል) ወይ? የምጣድ ሬዚስታንስ ራቁቱን ነው ያለው። ጀሶው ርጥበት ከያዘ ላሜራው ላይ ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ በእርጥብ እጅ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ነው።

---

ጂሲ ሜካኒካል

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከፈታኞቹ አንዱ ቃል በቃል ጠይቆናል፣ መልስ አልነበረንም። መጋቢት ላይ አንድ ሪሌይ አቃጥለናል፤ ያኔ ጥፋቱን የሰጠነው ለሙቀቱ ነበር። 16 አምፔር ሲያልፍበት ከ16 ዋት በላይ ራሱ ላይ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ ያለ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያስወጣ ብረት) እንጨት ላይ ቸንክረነው ነበር። ሂትሲንክ ስናደርግለት ሠራ፣ እኛም «ተፈታ» ብለን አለፍን። ተበላሽቶ ሲቀር ምን ይሆናል የሚለውን አላሰብንም። አሁን ከመቆጣጠሪያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ 260 ዲግሪ ላይ በራሱ የሚቆርጥ ቴርሞስታት በተከታታይ እየገባ ነው። ከዲፌንስ በኋላ ነው የጀመርነው፤ ነጥብ አይጨምርልንም፣ ግን ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።

ኧርዙ ላሜራው ላይ ታስሯል፣ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ) አለው። ችግሩ የሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ ብዙ ቤት ውስጥ የትም አለመድረሱ ነው። እሱን በምጣድ መፍታት አልቻልንም።

---

የጉልት ሠፈር

ልጄ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ እንጀራ ጋግሬ የማስረክብ ነኝ፣ በቀን 150 በሁለት ምጣድ። ልጄ ነው ያነበበልኝ፣ ጽሑፉንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ።

ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ ሊጥ ሊያልቅ ሲል ምጣዱን አጠፋለሁ። የመጨረሻዋ እንጀራ በቀረው ሙቀት ትበስላለች። የእናንተ ማሽን ይሄን ያውቃል ወይስ እስከ መጨረሻው ያነዳል? ሁለተኛ፣ መብራት ሲሄድ ሊጡ ምጣዱ ላይ ይቀራል፣ ሲመጣ ደግሞ ቀዝቃዛውን ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግለዋል። ሁለት ምጣድ ተሰንጥቆብኛል። ቁጥሩን እኔ አላውቅም፣ ግን ምጣድ የሚሰነጠቅ ከሆነ የቆጠብሽው ሁሉ ምጣድ መግዣ ነው የሚሆነው።

---

ጂሲ ሜካኒካል

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎንም አመሰግናለሁ።

የማጥፋቱን ነገር የጓደኛችን እናትም ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚያደርጉት። በድሮው ምጣድ የመጨረሻዋን አንዷን ነበር አጥፍተው የሚጋግሩት። ከሥር ኢንሱሌሽን ከገባ በኋላ ግን ማንም ሳይነግራቸው «ይሄኛው ሙቀት ይይዛል» ብለው የመጨረሻዎቹን ሦስት አጥፍተው ጋገሩ። ከቆጣሪው ቁጥር ይልቅ ያኔ ነው ሥራችን መሥራቱን ያመንኩት። ማሽኑ ግን አያውቅም። ሊጡ ስንት እንደቀረ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ስክሪኑን አውጥተን በቦታው ሁለት መብራት አደረግን፤ አረንጓዴ ሲበራ ምጣዱ ደርሷል፣ ቀይ ከሆነ ገና ነው። ማጥፊያው ከጋጋሪዋ እጅ አልወጣም።

የመሰንጠቁ ነገር እኛም ላይ ደርሷል። የመጀመሪያው ምጣድ ገና ርጥበት ሳይለቅ ሙሉ ኃይል ሰጠነው፣ ከመሀል እስከ ዳር ተተረተረ። አሁን ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ኃይሉን እያቋረጠ ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም እንደዚያው። መጀመሪያ ያሰብነው ለአዲስ ምጣድ ብቻ ነበር፣ እርስዎ ያሉት ግን በየቀኑ የሚደርስ ነው። እስካሁን 11 ጊዜ ብቻ ነው የሞከርነው። ስንት ወር ይበረክታል የሚለውን በእርስዎ ዓይነት ሥራ ላይ ካልሆነ ማወቅ አንችልም።

---

ኮድ እጽፋለሁ

የሚከፋሽ እንዳይሆን እንጂ፣ የምጣድ ፕሮጀክት በየዓመቱ በየዲፓርትመንቱ ይሠራል። እኔ በተማርኩበት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ ስድስት ያህል ሪፖርት አይቻለሁ። ሁሉም ይቆጥባል ይላል፣ እናቶቻችን ግን ዛሬም በድሮው ምጣድ ነው የሚጋግሩት። ጊዜያችሁን ገበያ በሚጠይቀው ነገር ላይ ብታውሉት ለሥራ ፍለጋም ይረዳችሁ ነበር።

---

ጂሲ ሜካኒካል

አልከፋኝም። እኛም የቀደሙትን ሁለት ሪፖርቶች አግኝተን አንብበናል፣ የኢንሱሌሽኑን ውፍረት የጀመርነው ከአንዱ ስሌት ነው። ሁለቱም የሞከሩት ግን በውኃ ነው፤ ምጣዱ ላይ ውኃ አፍልተው፣ የተነነውን መዝነው ብቃቱን አሰሉ። ለመለካት ጥሩ መንገድ ነው፣ እኛም መጀመሪያ ያደረግነው እሱን ነው። ግን ውኃ አይጣበቅም፣ ዓይን አያወጣም፣ ዳሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ አይናገርም። በውኃ ብቻ ቆመን ቢሆን ሰባተኛው ሪፖርት እንሆን ነበር። ስለዚህ መደጋገሙ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ስድስቱም የቆሙት ከጋጋሪዋ ደጃፍ በፊት መሆኑ ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የኩሽና ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ በ15 አምፔር ቢሰላ ከ1800 ዋት አያልፍም። የአዲስ አበባውን 60 ሴንቲ ሜትር ምጣድ ይዞ የመጣ ሰው የልብስ ማድረቂያውን የ240 ቮልት መስመር ካልጠለፈ አይሆንለትም። ብዙዎቻችን የምንጋግረው 16 ኢንች በሆነ፣ ለኖርዌጂያኖች ሌፍሴ (ስስ ቂጣ) ተብሎ በተሠራ የአልሙኒየም ግሪል ነው። አልሙኒየም ሙቀት ስለሚያመላልስ ዳርና መሀሉ አይለያይም፤ የእንጀራው ጀርባ ግን እንደ ሸክላው አይሆንም። የእናንተን የዳር ሙቀት ነገር ሳነብ ሸክላውን እንደሸክላነቱ ማረም እንደሚቻል ገባኝ፣ ደስ አለኝ።

የጠየቅሽውን ልመልስ። ከሃያ ዓመት በፊት የእኛ ፕሮጀክት በእግር የሚረገጥ የመስኖ ፓምፕ ነበር። ለዲፌንስ ቀን ከበርሜል ወደ በርሜል ውኃ አመላልሰን ጥሩ ነጥብ አገኘን። አንድም ገበሬ አልረገጠውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ለጉብኝት ስመለስ ሲሊንደሩን ለሌላ ሥራ ቆርጠውት አገኘሁ። እስካሁን ንድፉ በሣጥኔ ውስጥ አለ። ምጣዱን ከዕቃ ቤት ለማውጣት የፈለገውን ያህል ደብዳቤ ጻፉ፣ ግን አውጡት። ክረምቱ ሳይወጣ።

---

አምስተኛ ዓመት ሲቪል

ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ከ2015 ጀምሮ እያለብን ፕሮጀክቱን እንዴት አጣጣማችሁት? እኛ ገና ኅዳር ላይ ልንጀምር ነው።

---

ጂሲ ሜካኒካል

በግንቦት ሁለቱን አብሮ መግፋት አይቻልም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የሙከራውን ሥራ ጨርሱ፣ ለግንቦት መጻፍ ብቻ ይቅር። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ስለሆነ አንዱ ልጅ ሌሊት እየለካ ቀን ሲያጠና ታሞብን ነበር። በየቀኑ የምትሠሩትን በቀንና በሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ማታና ጠዋት የለካነው ተለይቶ ባይጻፍ ኖሮ የቮልቴጁን ነገር አናገኘውም ነበር።

---

ምድጃ ሠሪ

ገጠር ኢነርጂ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከልብ የምነግርሽ ነገር አለ።

ምርጥ ምድጃን ታውቂዋለሽ፤ በማገዶ ለሚጋገር እንጀራ የሚሆነው፣ በሲሚንቶና በአሸዋ በሻጋታ የሚወጣው። በብዙ ቤት የገባው ጥናቱ ስላማረ ብቻ አይደለም። ሻጋታው በየከተማው ላሉ ሠሪዎች ተሰጠ፣ እነሱ ሠርተው ሸጠው ኖሩበት። ፋብሪካ አልጠበቀም።

የእናንተን ሥራ ለሁለት ክፈሉት። ሪሌይ፣ ሴንሰር፣ መብራት ያለበት ክፍል ገንዘብና ፈቃድ ይፈልጋል፣ ይዘገያል። ከሥር የሚገባው ኢንሱሌሽንና የቦዩ አቀራረብ ግን የምጣድ ባለሙያው ነገ ጠዋት በያዘው መሣሪያ ሊሠራው ይችላል። ከ22ቱ በመቶ ስንቱ ነው ከዚህኛው ክፍል የመጣው?

---

ጂሲ ሜካኒካል

መቆጣጠሪያውን ነቅለን ኢንሱሌሽኑን ብቻ ትተን ለክተን ነበር፤ ከ22ቱ ወደ 14ቱ ከዚያ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ላይ አለ፣ ዲፌንስ ላይ ግን አላነሳነውም፤ የኤሌክትሮኒክሱ ክፍል ነው ሰው የሚያይልን ብለን። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ ካነበብኩ ጀምሮ ያ ሠንጠረዥ ከዓይኔ አልጠፋም።

---

ጂሲ ሜካኒካል (ከስምንት ቀን በኋላ)

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ምጣዱን ለማውጣት ደብዳቤ አስገብተን ተፈቅዷል፣ ትናንት በባጃጅ ጭነን ለጓደኛችን እናት ቤት አደረስነው። ቴርሞስታቱ ገብቷል፣ እየቆረጠ መሆኑንም ባዶ ምጣድ አንድደን አረጋግጠናል።

ከዚያ በፊት ቅዳሜ የቦዩን ንድፍ ይዘን ሁለተኛውን ምጣድ ወደ ሠራልን ባለሙያ ሄድን። ሸክላውን አዙሮ አየና በከሰል ክቦቹን ሣለበት። ከዳር ያሉትን ሦስቱን ቦዮች እኛ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ነበር ያራራቅናቸው። «በመካከላቸው የሚቀረው ግድግዳ ሳስቷል፤ በአንዱ ተሳክቶላችኋል፣ በአሥር ብትሠሩ አራቱ ይሰበራሉ» አለ። 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ሬዚስታንሱን ግን ዳር ላይ ጠበቅ አድርጌ እጠመዝዘዋለሁ፣ ሙቀቱ ያው ይመጣል አለን። ማታ በስሌት አየነው፤ ይሠራል። በአንድ ሜትር ቦይ ውስጥ የሚገባው ሽቦ በዝቶ ያው ዋት ይወጣል። ሦስት ምጣድ እንዲሠራልን ተስማምተናል፣ አንዱ ለ«የጉልት ሠፈር» እናት እንዲሆን አስበናል፤ ከተስማሙ ልጃቸው በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ። ቆጣሪ አስገብተንበት በወር አንዴ መጥተን እናነባለን።

አንድ የጎደለን ነገር አለ። ለመጀመሪያው ኢንሱሌሽን የተጠቀምነው ግላስ ዉል (የመስታወት ጥጥ) ከተጣለ የዳቦ ምድጃ የወጣ ነው፣ አልቋል። ለሦስት ምጣድ የሚበቃ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በቁራጭ የሚሸጥበትን ቦታ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ሊጡ ለማክሰኞ ተቦክቷል።